ባቡሩ ቢሄድም ቤቱ አለ

ስለ ቅርስ ሲነሣ አእምሯችን ወደ አክሱምና ወደ ላሊበላ ይሮጣል። እኔ ዛሬ የማነሣው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ የሚገኝ አንድ አሮጌ የምድር ባቡር ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ ነው። ያለ ማቀዝቀዣ ሙቀትን እንዲመክት ታስቦበት የተሠራ ነው። ዛሬ የሚኖሩበት በጡረታ የተገለሉ የባቡር ሠራተኛ ናቸው።

እንደሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ይሁንና ተራራውን መውጣት እጅግ አዳጋች ስለሆነ በ1902 ከግርጌው ሜዳ ላይ ቆመ። ድሬዳዋም በዚያ ተወለደች። ኩባንያው ከዚራን በፕላን፣ በቀጥታ መንገዶች ቀየሰ። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ በራሱ ሥርዓት አደገ።

ስለዚህ ያ ፕላን የምሕንድስና ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ማን በሰፊው ጎዳና፣ ማን ከወንዙ ማዶ እንደሚኖር የሚለይ የሥልጣን ካርታም ነበር። ይህን ሳይናገሩ ቤቱን ማድነቅ ታሪክን በኖራ እንደ መለሰን ይቆጠራል።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የባዕድ ኩባንያ ባሠራው ሰፈር ውስጥ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አደጉ። እኒያ ጡረተኛ ስለ ሞተር ሲያወሩ ፈረንሳይኛ፣ ከጎረቤት ጋር ሲጨዋወቱ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይቀላቅላሉ። ብሔርን ከብሔር ስለማስማማት በየአዳራሹ የምንደሰኩር ሰዎች ከዚህ በረንዳ ብዙ በተማርን ነበር።

በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ወደብ ለሌላት አገር አዲሱ መስመር አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። የምጠይቀው አሮጌው ሥራ ሲያቆም ሰዎቹና ሙያቸው የት ይውደቁ የሚለውን ነው። ቤቱን አፍርሶ በቦታው ፎቅ መትከል አንድ ጥፋት ነው፤ ነዋሪውን አስወጥቶ ባዶ ሙዚየም ማድረግም ሌላ ጥፋት ነው።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ቤቶቹ ይመዝገቡ፣ ከቤቶቹም በፊት የሰዎቹ ቃል ይመዝገብ። ድንጋይ ሊታደስ ይችላል፤ አንድ አዛውንት ሐዲድ ይዞት የሄደው ዕውቀት ግን አንዴ ከተቀበረ አይመለስም።