ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲጓዙ፣ ደብረ ብርሃንን ካለፉ በኋላ ጣርማ በር ይደርሳሉ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደተሠራው ዋሻ ሲገቡ ፀሐይ ቢሆንም፣ ሲወጡ ከፊትዎ ያለው መኪና እንኳ ላይታይዎት ይችላል።

ምክንያቱ ገደሉ ነው። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ዳገቱን ይዞ ሲወጣ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ሲበረታም እንፋሎቱ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ይሆናል። ከሩቅ ለሚያየው ደመና ነው፤ ውስጡ ላለው ግን ጉም። በአየር ትንበያ ባለሙያዎች አነጋገር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የማያሳይ ከሆነ ጉም፣ ከዚያ በላይ ካሳየ ስስ ጭጋግ ይባላል። ቆላ ሲወርዱ በበጋ አድማሱን የሚያደበዝዘው ግን ውሃ ሳይሆን አቧራ ነው።

ልጆችዎ «ደመና ውስጥ ገባን!» ብለው ይፈነድቁ ይሆናል። እርስዎ ግን ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ረጅሙን መብራት አያብሩ፤ ብርሃኑ ጠብታዎቹን መትቶ ወደ ዓይንዎ ይመለሳልና። አጭሩን አብርተው፣ ከፊትዎ ካለው መኪና ራቅ ብለው፣ ሳይቀድሙ ይውረዱ። የደብረ ሲና ቆሎ የትም አይሄድም፤ ይጠብቅዎታል።