መብራት ሲሄድ የማይወድቅ ማሽን

ባለፈው ታኅሣሥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መርሳ ላይ መብራት ሄደ። ይኼ ዜና እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔን ያሳመመኝ በዚያች ሰከንድ የሆነው ነው።

አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ የአልጋ ራስጌ አዘውኝ ነበር። የራስጌው መሐል ገጽ አንድ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ ዋንዛ ነው። በዚህ ዘመን ደረቅ ዋንዛ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ እንጨት ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። በገዛ እጄ የገጣጠምኩት ሲኤንሲ ማሽን ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲቀርጽበት ቆይቶ የቀረው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። መብራቱ ድርግም ሲል መቁረጫውን የተሸከመው ክፍል እንደ ደከመው ሰው ቁልቁል ተንሸራተተ። መቁረጫው ደግሞ በደቂቃ 18 ሺህ ዙር ሲዞር ስለነበር ወዲያው አይቆምም። በቆመበት ቦታ፣ በትልቁ አበባ መሐል ላይ፣ እርሳስ የሚያስገባ ጉድጓድ በሳው።

ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይኼን አልጽፍም ነበር። መብራት እንደሚሄድ እያወቅሁ ማሽኑን መብራት እንደማይሄድበት አገር አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ሲኤንሲ ማለት ኮምፒውተር የሚመራው መቅረጫ ነው። በሦስት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ሽቅብና ቁልቁል። እያንዳንዱን አቅጣጫ ስቴፐር የሚባል ሞተር ይነዳዋል። ይህ ሞተር አንዱን ዙር በ200 እርምጃ ከፋፍሎ ነው የሚዞረው። ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ ቆሞም ቢሆን ጥርሱን ነክሶ ይይዛል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ግን ይለቃል። ጥያቄው ያኔ ሸክሙን ማን ይይዘዋል የሚለው ነው።

መልሱ ያለው ሞተሩን ከሸክሙ ጋር በሚያገናኘው ዕቃ ላይ ነው። ቺንጋ ሊሆን ይችላል። ጥርሳም ሐዲድ ላይ የሚሄድ ማርሽ ሊሆን ይችላል። ረጅም ብሎንና ዳዶም ሊሆን ይችላል። ቺንጋ ርካሽና ፈጣን ነው፣ ግን ዋንዛን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ሲገጥመው ይለጠጣል። ማርሹ ለረጅም ማሽን ጥሩ ነው። የእኔ ግን ትልቁ ጎኑ 1 ሜትር ከ20 ስለሆነ ብሎን መረጥኩ። እዚህ ላይ መጀመሪያ የሠራሁትን ስሕተት ልናገር፦ ርካሽ ስለሆነ ብቻ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቀጭን ብሎን ለረጅሙ ጎን ገዛሁ። ፍጥነት ስጨምር ሕፃናት እንደሚዘሉበት ገመድ ይጋረፍ ጀመር። ቀጭን ነገር በረጅሙ ሲዞር የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሞተር ብትቀይሩም አይድንም።

ከዚያ በኋላ ነው ቦል ስክሪው የሚባለው ላይ የወደቅሁት። በብሎኑና በዳዶው መሐል ትንንሽ የብረት ኳሶች ይንከባለላሉ፣ ልክ እንደ ኩሽኔታ። ሰበቃው በጣም ትንሽ ነው፤ ሞተሩ ከሚሰጠው ጉልበት 90 በመቶ ያህሉ ሥራ ላይ ይውላል። በተራው ብሎን ግን ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላዩ በሰበቃ ይቀራል። ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ አቅም ካለህ ቦል ስክሪው። እኔም ለሦስቱም አቅጣጫ ገዛሁ። ሽቅብና ቁልቁል ለሚሄደው ክፍልማ ይፍጠንልኝ ብዬ በአንድ ዙር 10 ሚሊ ሜትር የሚጓዘውን መረጥኩ።

የገዛሁበትን ዘመን አስታውሱ። ሥራውን የጀመርኩት በ2015 ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ቀድሜ ባወረድኳቸው ቪዲዮዎች ብቻ ስሠራ ከረምኩ። እነሱኑ ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ የሰውዬውን ሳል ሳይቀር ሸምድጃለሁ። ግማሹን ዕቃ በ57 ብር የዶላር ሒሳብ ገዛሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ተቀየረ፣ በወራት ውስጥ ዶላሩ ከ120 ብር አለፈ። 30 ዶላር የምታወጣ አንዲት የሞተር መቆጣጠሪያ፣ ትራንስፖርቱንና የአምጪውን ድርሻ ሳንቆጥር፣ ከ1,710 ብር ወደ 3,600 ብር ወጣች። ዕቃው ያው ነው፤ የኔ የእንጨት ሥራ ዋጋ ግን ያን ያህል አልዘለለም። ስለዚህ ቦል ስክሪው ስገዛ የሠራሁት ግዢ ብቻ አልነበረም፣ የሚያልቅ ነገር ላይ የዶላር ዕዳ መግባትም ነበር። የእንጨት ትቢያ ኳሶቹ መሐል ገብቶ አንድ ቀን ይጨርሰዋል። ያን ቀን መልሼ ዶላር ፍለጋ ነው።

ከጉድጓዱ በኋላ ለሁለት ቀን ማሽኑን አልነካሁትም። በሦስተኛው ቀን ያን ቦል ስክሪው ፈትቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወልዲያ ሄድኩ። ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በስሪንቃ በኩል ሚኒባሱ ካልቆመ ቶሎ ይደረሳል። እዚያ አንድ ቶርኖ ቤት አለ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ቶርኗቸው በደርግ ጊዜ የገባ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልዲያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችባቸው ወራት የቶርኖው ሞተር ተነቅሎ ተወስዷል። አካሉ ከባድ ስለሆነ ተረፈ። ሰውዬው ከተመለሱ በኋላ የወፍጮ ሞተር ገጥመው አስነሱት። በቺንጋ ነው የሚዞረው፣ ይጮኻል፣ ግን ይሠራል።

ብሎኑን አገላብጠው አዩት። ዳዶውን በጣታቸው ሲገፉት ብሎኑ ራሱ ዞረ።

«ይኼን ማን ነው የመረጠልህ?»

«ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው ጋሼ።»

«ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ መብራት ይሄድበታል?»

መልስ አልነበረኝም። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ሞርሳ አሳዩኝ። (ሞርሳ ከከተማዬ ስም በአንድ ፊደል ነው የሚለየው፤ ልጅ ሆኜ መርሳ የሚሠራ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።) «ይኼን አጥብቀህ እጅህን ብትለቅ ይፈታል? አይፈታም። የመኪና ክሪክስ? መኪናውን ተሸክሞ ያድራል። ጥርሱ ለጥ ያለ ነው፣ ሰበቃው ይይዘዋል። አንተ ደግሞ ሰበቃ እንዳይኖር ገንዘብ ከፈልክ።» ከዚያ ሳቅ ብለው «አብሽር፣ ነሐስ ፈልገህ አምጣልኝ» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። የገዛሁት ቦል ስክሪው በአንድ ዙር 10 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፣ ሰበቃ የለውም፤ አሥር ኪሎ ቢጫንበት ከሞተሩ ጋር ታግሎ ይወርዳል። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት በአንድ ዙር 4 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ተራ ብሎን ግን የጥርሱ ዳገት አራት ዲግሪ ብቻ ነው። ነሐስ በብረት ላይ ቅባት ተቀብቶም ቢሆን ከዚያ የበለጠ ዳገት ላይ ነው መንሸራተት የሚጀምረው። ስለዚህ አይወርድም። ጉልበት ይበላል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል፤ ዋንዛ ሲቀረጽ ግን ሽቅብ መፍጠን ያን ያህል አያስፈልገኝም። በቶርኖ የተሠራ ጥርስ ትንሽ ክፍተት ይኖረዋል የሚለው ፍርሃቴም ቶሎ ለቀቀኝ። በቁመት የሚሄደው ክፍል የራሱ ክብደት ዳዶውን ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚጫነው ክፍተቱ ብዙም አይታይም። በአግድም ለሚሄዱት ግን ይህ አይሠራም፤ እነሱ ላይ ቦል ስክሪዎቹን ተውኳቸው። መብራት ቢሄድም በአግድም ያለ ነገር የትም አይወድቅም።

ነሐሱን ከአሮጌ የውሃ ፓምፕ ቦኮላ አገኘሁት። ብሎኑ ከመኪና ከወጣ ዘንግ ተሠራ። ሁለት ቀን ፈጀ፤ ምክንያቱም ወልዲያም መብራት ይሄዳል። ግን ቶርኖ ሲቆም ዕቃው ባለበት ይጠብቃል፣ ሰውዬውም ቡናቸውን ይጠጣሉ።

ገጥሜው መጀመሪያ ስሞክረው 10 ሚሊ ሜትር ውረድ ያልኩት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ወረደ። ደነገጥኩ። ለካ ሶፍትዌሩ ላይ የአሮጌውን ብሎን ቁጥር አልቀየርኩም። በፊት ለአንድ ሚሊ ሜትር 160 ምት ነበር የሚልከው፤ አሁን 400 ያስፈልገዋል። ቀየርኩት፣ ተስተካከለ። ከዚያ አሥር ኪሎውን አንጠልጥሎ እንዳለ ሶኬቱን ነቀልኩት። ንቅንቅ አላለም። ሦስት ጊዜ ነቀልኩት፤ ለሥራ ሳይሆን ለደስታ።

አንድ ሌላ ችግር ግን ነበር፣ ይኼኛው ያስቀኛል። ማሽኑን የሚመራው አርዱይኖ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ናት። ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከላፕቶፑ ነው፣ ላፕቶፑ ደግሞ ባትሪ አለው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሞተሮቹ ይሞታሉ፣ እሷ ግን አልሰማችም። ትዕዛዝ መላኳን ትቀጥላለች፣ እርምጃ ትቆጥራለች፣ ስክሪኑ ላይ ሥራው 91 በመቶ፣ 92 በመቶ እያለ ይሄዳል። መሬት ላይ ያለው ማሽን ደግሞ ድርቅ ብሎ ቆሟል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሪፖርቱን ታውቁታላችሁ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከተጣለ ስታቢላይዘር ያወጣኋትን ሪሌይ ከግድግዳው መስመር ጋር አገናኘኋት። መብራት ሲቋረጥ ሰሌዳዋን «ቁሚ» ትላታለች። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ጥግ ላይ ወዳሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ሄዶ ቦታውን ያረጋግጣል፤ እኔ ደግሞ ከቆመበት መስመር ሃያ ሠላሳ መስመር ወደ ኋላ መልሼ አስነሳዋለሁ።

«ለምን ዩፒኤስ አትገዛም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለሞተሮቹ ይበቃል፣ ለመቁረጫው ግን ትልቅ ያስፈልጋል፤ ባትሪውም ያልቃል፣ ያም ዶላር ነው። ትላልቆቹ ፋብሪካዎች መብራት ሲሄድ ራሱ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሞተር ይጠቀማሉ። ጥሩ ነው፣ እሱም ዶላር ነው። «ግድቡ ተመርቆ የለ እንዴ?» የሚለኝም አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ሲመረቅ እኔም ከልቤ ጨፍሬያለሁ። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ማመንጫ ሌላ፣ ማስተላለፊያ ሌላ፣ ሰፈራችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ደግሞ ሌላ ነው።

ኢትዮጵያ ታምርት የሚለው ንቅናቄ በ2014 ከተጀመረ ወዲህ ስለ ማምረት ብዙ እንሰማለን። እኔ በራስ መቻል ስም መፎከር አልወድም፤ ሞተሮቼም መቆጣጠሪያዎቼም የቻይና ናቸው፣ እዚህ ልሠራቸው አልችልም፣ ማሽኔም ብረት አይቆርጥም። አሁን ዕቃ ስመርጥ የምጠይቀው ግን ተለውጧል። በፊት «የትኛው ይሻላል?» እል ነበር። አሁን «ሲያልቅ ማን ይሠራልኛል?» እላለሁ። የማያልቀው ከቻይና ይምጣ፤ የሚያልቀው ወልዲያ የሚሠራ ይሁን። ለወጣቶች ማሽን ተሰጠ የሚል ዜና ሳይ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ማሽኑ ሲሰጥ ፎቶ ይነሳል። ከዓመት በኋላ ዳዶው ሲያልቅ የሚሄዱበት ቶርኖ ቤት መኖሩን ማን ይጠይቃል? የወፍጮ ሞተር ገጥመው ያስነሱትን ሰውዬ የሚጠይቃቸው ቢኖር፣ ለከተማዋ ከአሥር አዲስ ማሽን የእሳቸው አንዱ ቶርኖ የተሻለ ሞተር ቢያገኝ ይበልጥባታል ባይ ነኝ።

ሁለተኛውን ራስጌ በጥር መጀመሪያ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት እንደሠራ መብራት ሄደ። ማሽኑ ባለበት ቆመ። ወንድሜ ቡና አፈላ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ቀጠልን፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት አለቀ። እናትየው ሲረከቡ እጃቸውን በቅርጹ ላይ እያሳለፉ ቆይተው አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። ሥራው ቆሞ የተነሳበት ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አለች፤ በዓይን ሳይሆን በጣት ነው የምትታወቀው።

«ይቺስ ምንድን ናት ልጄ?»

«መብራት የሄደባት ናት እማማ።»

«እሷን ተዋት፣ እንዳትነካት» ብለው ቀሪውን ሒሳብ ከፈሉኝ።

የመጀመሪያው ዋንዛ አሁንም ግድግዳዬ ላይ ተደግፎ አለ። ጋሼ ደግሞ ለሌላ ሰው ማሽን ሁለት ዳዶ እየሠሩ ነው፣ ነሐስ አልቆባቸዋል። ከወልዲያ እስከ ውርጌሳ ያረጀ የፓምፕ ቦኮላ ወይም የተጣለ ነሐስ ያያችሁ በኪሎ እንገዛለን።