አንገቷን የደፋች ልጅ

እህቴ ለሁለት ዓመት ያህል ሰማይ ለማየት በጀርባዋ መተኛት ነበረባት። ያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ። ጠባሳው አገጯን ስቦ ከደረቷ ጋር አጣብቆት ነበር።

ያኔ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ እኛም እዚያው። እማዬ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ጥዳ፣ «እሷን ጠብቃት፣ መጣሁ» ብላኝ ወጣች። እኔ 11 ዓመቴ ነው፣ እሷ 5። ውጪ ደግሞ ኳስ አለ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ጎረቤት ሁሉ ተሯሯጠ። አንዷ ኮልጌት፣ አንዷ እንቁላል፣ አንዷ ሊጥ ይዛ መጣች። ሁሉም ከልባቸው ነው። የሚያስፈልጋት ግን ግቢው ውስጥ የነበረው ቧንቧ ነበር፤ ለ20 ደቂቃ ያህል የሚወርድባት ቀዝቃዛ ውሃ፣ በቃ። ይሄን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ቁስሉ ሲደርቅ «ተመስገን፣ ዳነች» አልን። ለካ በጥልቀት የተቃጠለ ቆዳ ሲድን ይኮማተራል። አንገቷን ቀጥ አድርጎ የሚይዝላት ነገር ስላልነበረ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ጎነበሰ። የታችኛው ከንፈሯም አብሮ ተጎተተ፤ ሾርባ ስትጠጣ ይፈስባት ነበር። ሰፈር ውስጥ «አንገቷን የደፋች ጨዋ ልጅ» እያሉ የሚቀልዱ ነበሩ። እኔም አንዴ ስቄያለሁ።

በመጨረሻ ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ሄድን። እማዬ «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ሲባል ሰምታ «ልጄ ላይ ላስቲክ ሊለጥፉባት ነው?» ብላ ደነገጠች። እኔም ብሆን የማውቀው የፊልም ተዋንያንን አፍንጫ ነበር። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ቅርጽ መስጠት እንደማለት። ጀሪካኑ የተሠራበት ፕላስቲክም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ የታጠፉ ጣቶችን ጅማት እያዛወሩ ሲያቃኑ የኖሩትም ለውበት ብለው አይደለም፤ ሰውየው ብርጭቆ እንዲጨብጥ ነው።

ሐኪሙ ጠባሳውን ቆርጠው አንገቷን እንደሚፈቱት፣ ክፍት የሚሆነውን ቦታ ከጭኗ ስስ ቆዳ አንስተው እንደሚሸፍኑት አስረዳን። የሚያስፈራው ማደንዘዣው ነበር፤ አንገት ካልተቃና የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ከባድ ነው። እማዬ ፈረመች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «እኔ ነኝ» ማለት አማረኝ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ስትነቃ ያለቀሰችው ስለ ጭኗ ነው። ቆዳ የተነሳበት ቦታ ከአንገቷ በላይ ያማት ነበር። ከዚያ ለወራት የአንገት ድጋፍ፣ ቀንም ሌሊትም፤ ምክንያቱም የተተከለውም ቆዳ ይኮማተራል። ማታ ሲያሳክካት ልታወልቀው ትታገላለች፣ እኔ እጆቿን እይዛለሁ። ማንም ያንን ሥራ አልሰጠኝም፤ ራሴ ወሰድኩት።

አሁን 17 ዓመቷ ነው። ጠባሳው አለ፤ የተተከለው ቆዳም ከዙሪያው ይጠቁራል። ባለፈው ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስንጠብቅ አንዲት ሴትዮ «ውይ የኔ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

«ሙቅ ውሃ ነው፣ እትዬ።»

«ጠባቂ አልነበረሽም?»

አስፋልቱን አየሁ።

«ልጅ ሆኜ ነው፤ አላስታውስም» አለች።

ታስታውሳለች። የዚያን ቀን የለበስኩትን ማሊያ ቀለም አንዴ ነግራኛለች። ረዳቱ «ጀሞ! ጀሞ!» ሲል አገጯን ቀና አድርጋ ቀድማኝ ገባች።