ከጣና እስከ ሃክኒ

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ሃክኒ ውስጥ በሊ ወንዝ ዳር ስንሄድ፣ ቀይና ቢጫ ካያኮች አየን። "እማዬ፣ ግዢልኝ!" አለኝ።

አዲስ ካያክ ብዙ መቶ ፓውንድ ነው። እዚህ ውሃ ላይ ለመቅዘፍም የፈቃድ ክፍያ አለ። ዛሬ ብዙዎቹ ካያኮች ፕላስቲክ ናቸው፤ የፕላስቲኩ ዱቄት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባና ምድጃ ውስጥ እየተሽከረከረ ይቀልጣል። ድሮ ግን እንደ ኢኑዊት ያሉ የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ለአደን ከእንጨት፣ ከአጥንትና ከእንስሳት ቆዳ ይሠሩት ነበር።

የእኔ አባት ጣና ሐይቅ ላይ የሚቀዝፈው የደንገል ታንኳ ነበር። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። አባቴ ታንኳውን ራሱ ስለሚሠራ ዋጋው ጉልበቱ ነበር። ወንድሞቼን መቅዘፍ አስተማራቸው፤ እኔን ግን "ውሃ ይወስድሻል" እያለ ዳር ላይ ያስቀረኝ ነበር።

ካያክ አልገዛሁለትም። ባለ ሁለት መቀመጫ ለአንድ ሰዓት ተከራየን። "እማዬ፣ ከፊት ተቀመጪ። አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" አለኝ። የመንሳፈፊያ ጃኬቴን ለበስኩና መቅዘፊያውን ያዝኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ካያኩ ግን ሄደ።