ሙቅ ውሃውን ማን ሰረቀው?

ንፋስ መውጫ ያደረ ሰው ከተማዋ ስሟን ከየት እንዳመጣች አይጠይቅም። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ የኅዳር ውርጭዋ አጥንት ይሰብራል። እዚያ በማለዳ ሙቅ ውሃ ማግኘት ቅንጦት አይደለም።

አንዲት ዘመዴ በከተማዋ ትንሽ ፔንሲዮን አላት። ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ያሞቀው ውሃ ማታ እጅ ያቃጥላል፤ ሲነጋ ግን በረዶ ነው። እንግዶች ያጉረመርማሉ። ጥፋቱ በማን ተላከከ? በሠራተኛዋ! «አንቺ ልጅ፣ ሌሊት ልብስሽን የምታጥቢው በእንግዶቼ ውሃ ነው!» ተባለች። «እትዬ፣ በማርያም አልነካሁም» ብትል ማን ሰምቷት! ልትባረር ሁለት ቀን ቀራት።

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ማታ ከታንከሩ ወደ ሻወሮቹ የሚወርደውን ቫልቭ ዘግተን አደርን። ሲነጋ ውሃው እንደ ልማዱ ቀዝቅዟል። እንግዲህ ማንም አልቀዳውም ማለት ነው።

ታዲያ ሌባው ማነው? ራሱ ውሃው! ሙቅ ውሃ ቀላል፣ ቀዝቃዛው ከባድ ነው። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ 1,000 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ በ60 ዲግሪ ግን 983 ኪሎ ነው። ቀን በሶላሩ ሰሌዳ ውስጥ የሞቀው ውሃ ያለ ፓምፕ ወደ ታንከሩ የሚወጣው በዚህች ልዩነት ነው። ሌሊት ሰሌዳው ይቀዘቅዛል። ታንከሩ ዝቅ ብሎ ከተተከለ፣ በሰሌዳው ውስጥ የከበደው ውሃ ወደ ታች እየወረደ ከታንከሩ ሙቁን ይስባል። እስኪነጋ ድረስ ሙቀቱ ለሰማይ ይታደላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የታንከሩ ሥር ከሰሌዳው አናት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በፓምፕ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይግባለት። በብርድ አገር ቤታቸውን በሙቅ ውሃ የሚያሞቁ ሰዎችም ይኸው ጣጣ አለባቸው፤ የአንዱ ክፍል ፓምፕ ጠፍቶ ሳለ ሙቁ ውሃ በራሱ ሽቅብ እየወጣ ክፍሉን ያግለዋል። እነሱም ክዳኑ በክብደቱ ወይም በስፕሪንግ የሚዘጋ ቫልቭ ያስገባሉ።

ስለዚህ ሶላር ያላችሁ ወገኖች፣ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት አንድ ሌሊት ቫልቩን ዘግታችሁ ፈትኑ። ታንከር ከፍ ማድረግ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው። በሐሰት «ሌባ» የተባለችን ልጅ ስም ማንሣት ግን የትኛው ባለሙያ ይችላል?