የአዱሊስ ድንጋይና የዙላ ሽማግሌ

የቀድሞ ሰዎችን ሥራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጽሐፍ ማንበቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነገሩ የተደረገበትን ስፍራ በዓይኑ ቢያይና በዚያ የሚኖሩትን ሽማግሎች ቢጠይቅ፥ ያነበበው ሁሉ እንደ ገና ይገለጽለታል። እኔም የአዱሊስን ስም ከታሪክ መጻሕፍት አውቀው ስለ ነበረ፥ ወደ ምፅዋ በሄድሁ ጊዜ ከዚያ በስተ ደቡብ በባሕሩ ወሽመጥ አጠገብ ያለችውን የዙላን መንደር ለማየት ተነሣሁ።

ዙላ ዛሬ ትንሽ መንደር ናት። ሰዎችዋ ከሚበዙት ወገን ሳሆ የሚናገሩ እስላሞች ሲሆኑ፥ ፍየልና ግመል ያረባሉ፤ ከደጋ የሚወርደው የሐዳስ ወንዝ ጐርፍ ሲደርስላቸውም ያርሳሉ። ከመንደሩ ጥቂት ራቅ ብሎ በቍጥቋጦና በአሸዋ መካከል የጥቍር ድንጋይ ክምር ይታያል። የአክሱም ነገሥታት ወደብ የነበረችው አዱሊስ ይህች ናት።

በ1ኛው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ ግሪካዊ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፥ የዝሆን ጥርስ፥ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ከዚህ ወደብ ይወጣ እንደ ነበረ ይናገራል። ከዚያም በኋላ ክርስትና በጸና ጊዜ በከተማዪቱ አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ፤ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣው እብነ በረዳቸው በቍፋሮ ተገኝቷል።

ይልቁንም የሚያስደንቀው የኮስማስ ነገር ነው። ኮስማስ የእስክንድርያ ነጋዴ ሲሆን፥ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ አዱሊስ መጣ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ካሌብ በባሕር ማዶ በሚኖሩት በሒምያር ሰዎች ላይ ሊዘምቱ ተዘጋጅተው ነበርና፥ በከተማዪቱ በር በነበሩት በእብነ በረዱ ዙፋንና በሐውልቱ ላይ የተጻፈውን የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦ እንዲልክላቸው የአዱሊስን ገዥ አዘዙ። ገዥውም ኮስማስንና ሜናስ የተባለውን ጓደኛውን ለዚህ ሥራ መረጠ። እነርሱም ገልብጠው አንዱን ለገዥው ሰጡ፤ አንዱን ግን ለራሳቸው አስቀሩ። ኮስማስም ያንን ቅጂ ኋላ በመጽሐፉ ውስጥ አገባው። ዛሬ ሐውልቱም ዙፋኑም የሉም፤ ሊቃውንት ደጋግመው ቢቈፍሩም አላገኟቸውም። ለንጉሡ የተላከውም ቅጂ ጠፍቷል። የተረፈልን ነጋዴው ለራሱ ያስቀረው ብቻ ነው።

በ1860 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ ሠራዊታቸውን በዚሁ በዙላ ዳርቻ አወረዱ። ከህንድ አገር 44 ዝሆኖች አመጡ፤ ከባሕሩ ዳር እስከ ኩማይሊ የምድር ባቡር ዘረጉ፤ የሚጠጣ ውሃ ስለ ጐደላቸውም የባሕሩን ውሃ በመርከብ ላይ እያነጠሩ ይጠጡ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካረፉ በኋላ ግን ሐዲዱን ነቅለው ሄዱ።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። በመጽሐፍ የሌለውን የነገሩኝ ግን በአንድ የውሃ ጕድጓድ አጠገብ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ናቸው። በአስተርጓሚ፥ «አባቴ፥ ይህን ጕድጓድ ማን ቈፈረው?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፥ የድንጋዩን ነገር እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ። የጕድጓዶቹን ስምና የቈፈሩትን ሰዎች የማውቅ ግን እኔ ነኝ። ልጆቼ ከባሕሩ ማዶ በዓረብ አገር ይሠራሉ፤ ሲደውሉ ጤንነቴን ይጠይቁኛል እንጂ ጕድጓዱን የጠየቀኝ የለም።»

ከዚያም የአሥራ አንድ ጕድጓድ ስም፥ የቈፋሪዎቹንም ስም ከነአባቶቻቸው ነገሩኝ። እኔም ጻፍሁት፤ ሲነበብላቸው ሁለት ስም አቃኑልኝ። በሁለት ወረቀት ገልብጬ አንዱን ለመንደሩ መምህር እንዲሰጡት ለእሳቸው ተውሁ፤ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ እብነ በረድ እንኳ የተጻፈበትን ሊጠብቅ ካልቻለ የሰው ልብማ እንዴት ይጠብቃል? በየደብሩና በየመንደሩ ምንጩን ማን እንዳወጣው፥ ድልድዩን ማን እንደ ሠራው፥ በክፉው ቀን ሕዝቡን ማን እንዳስጠጋው የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት አይታጡም። እነርሱ ሲያርፉ ነገሩም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ቀለም የያዘ ሁሉ ሳይውል ሳያድር ሄዶ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ይጻፍ፤ ሲጽፍም በሁለት ወረቀት ይሁን።