ቀኑ የማይታወቅ ግዞተኛ

ሐምሌ 21 ቀን 1935 ዓ.ም. ቤኒቶ ሙሶሊኒ እስረኛ ሆኖ ፖንዛ ወደምትባል ትንሽ የጣሊያን ደሴት ተወሰደ። ከሥልጣን ከወረደ ሦስት ቀኑ ነበር። በማግሥቱ 60 ዓመት ሞላው። ያስገቡት ቤት ደግሞ ቀደም ሲል እሱ ያጋዛቸው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የታሰሩበት ነው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

ይህን ታሪክ ማውራት ደስ ይላል። ግን ያዘናጋል፤ ግዞት ሁሉ በእንዲህ ዓይነት ፍርድ የሚያልቅ ያስመስላል።

ራስ እምሩ ለወግዲ ሩቅ ሰው አይደሉም። ወደ ጎጃም ከመዛወራቸው በፊት ወሎን አስተዳድረዋል። ከወግዲ በስተ ምዕራብ ያለው ዓባይ ነው፣ ማዶው ጎጃም፤ እናም የሸለቆው ሁለቱም ዳር በየተራ በእሳቸው ሥር ነበር። ሽሬ ላይ ተዋጉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላም በምዕራብ በኩል ቀጠሉ፣ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተያዙ። አብረዋቸው ከተያዙት አንዱ ወጣቱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ሰባት ዓመት ገደማ በባዕድ አገር ታስረው ሁለቱም ተመለሱ፤ ሁለቱም ጻፉ። የራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው»፣ የሐዲስ «ትዝታ» ዛሬም ይነበባሉ።

ያልተመለሰውስ? ያልጻፈውስ?

ጣሊያን ባላባቱንና የተማረውን ወደ ደሴቶቿ ስትወስድ፣ ሌላውን ብዙ ሰው ከሞቃዲሾ በስተ ደቡብ ባለው ደናኔና በቀይ ባሕሯ ኖኩራ አጎረችው። የደናኔ እስረኛ የነበሩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት ምስክርነት፣ እዚያ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ ሞተዋል። የደጋ ሰው ነው፤ በወባ፣ በተበላሸ ውሃና በረሃብ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ አለቀ። ቁጥሩ እስከ አምስተኛው ሰው ድረስ ተነግሯል። ስሙን ግን ማን ያውቃል?

በአገራችን ለሞተ ሰው ክርስቲያኑ ተዝካር ያወጣል፣ ሙስሊሙ ሶደቃ። ለዚያ ግን ቀን ያስፈልጋል። «ጣሊያን ወሰደው» ብቻ የተባለለት ሰው አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠርለታል? ሚስቱስ መቼ ነው ጥቁር የምትለብሰው? መልበስ ተስፋ መቁረጥ ነው፣ አለመልበስ ደግሞ ራስን መዋሸት። በዚህ መሀል ያረጁ እናቶች ነበሩ።

አየርላንዶች ይህን መከራ ያውቁታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ወደ አውስትራሊያ 160 ሺህ ያህል ሰው አጋዘች፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት አየርላንዳውያን ነበሩ። በግ የሰረቀም ነበረበት፣ በመንግሥት ላይ ያመፀም። ሆኖም ጸሐፊው መርከብ ላይ የገባውን ሁሉ መዘገበ፦ ስምና የፍርድ ዘመን፤ በኋላ በኋላም ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ወንጀል፣ ቁመትና የዓይን ቀለም ሳይቀር። የተመዘገበው ለእስረኛው ታዝኖለት አይደለም፤ እንዳያመልጥ ነው። ዛሬ ግን የልጅ ልጅ ልጆቹ ያንኑ መዝገብ ገልጠው አያታቸውን ያገኛሉ።

መዝገብ ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1791 ከአየርላንድ በቀጥታ የሄደችው የመጀመሪያዋ መርከብ፣ ኩዊን፣ ግዞተኞቹን ይዛ ሲድኒ ስትደርስ ወረቀታቸው አብሮ አልመጣም። ሰባት ዓመት የተፈረደበት ሰው «ጨርሻለሁ» ቢል ማስረጃ አልነበረውም። አስተዳዳሪዎቹም አያውቁም፤ ወረቀቱ እስኪመጣ ዓመታት አለፉ።

እኛ ዘንድ ይህ የድሮ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ በአንቀጽ 21 ቤተሰቡ ይጎብኘው ይላል። ዛሬም ግን ስንቅ ቋጥሮ ከጣቢያ ጣቢያ የሚዞር አባት አለ። አንዱ «እዚህ የለም» ይለዋል፣ ሌላው «ተዛውሯል» ይለዋል። ወዴት ሲል የሚመልስለት የለም። እንጀራው ይደርቃል፤ ይዞት ይመለሳል፣ በማግሥቱ ሌላ ያስጋግራል።